የደጃችን ካሜራ በመብራቱ ምን እያለን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጎረቤት ሐቅና ስለ ቤት አያያዝ ስንወያይ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ብዙ ቤቶች ስለገባ አንድ አነስተኛ መሣሪያ እናነሳለን። እሱም ያለ ሽቦ በዋይፋይ የሚሠራው የቤት መጠበቂያ ካሜራ ነው።

ከደሴ ወደ ሰሜን ወጣ ብላ በምትገኘው ቦሩ ሜዳም ሆነ ቆላ ወረድ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ፣ በብረት በር አናት ወይም በቤት ጣሪያ ጥግ ላይ እንዲህ ያለ ካሜራ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰበቡም ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ሱቁ፣ ፋብሪካውና የጤና ተቋሙ ሲዘረፍ ያየ ሕዝብ ስለ ንብረቱና ስለ ቤተሰቡ ቢሰጋ የሚፈረድበት አይደለም። በዚያ ላይ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች የሄዱ የወሎ ልጆች የእናት አባታቸውን ደጅ በስልካቸው ለማየት ሲሉ ካሜራ ገዝተው ይልካሉ፤ ወይም ገንዘብ ልከው ያስገዛሉ።

ይሁንና ካሜራ መስቀል አንድ ነገር ነው፤ ካሜራው በመብራቱ የሚናገረውን መረዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ካሜራውን ከሰቀልንበት ቀን በኋላ ቀና ብለን አናየውም። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ካየን እንደነግጣለን፤ ሰማያዊ ሲበራ ግን «ደህና ነው» ብለን እናልፋለን። እኛ ደግሞ ቀዩ የሚነግረን ስለ መሣሪያው ጤና ብቻ እንደሆነ፣ ሰማያዊው ግን ስለ ቤታችን ክብር ሊነግረን እንደሚችል ለማስረዳት እንሞክራለን። ኢንሻ አላህ ከሁለቱም ትምህርት እናገኛለን።

ሰበብ ማድረስና ተወኩል

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እንመልስ። «ጠባቂው አላህ ነው፤ ካሜራ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አይጠፉም። ጠባቂው አላህ (ሱ.ወ.) መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራትና ከዚያ በኋላ በአላህ እንዲመካ መክረውታል። ካሜራም እንደ ቁልፍ፣ እንደ አጥርና እንደ ውሻ ሁሉ ከሰበቦች አንዱ ነው። ሰበብ ማድረስ ማለት ደግሞ ገዝቶ መስቀል ብቻ አይደለም። ገመዱ የተበጠሰ ግመል እንደታሰረ አይቆጠርም፤ ሳይሠራ የተሰቀለ ካሜራም እንዲሁ ነው።

ካሜራ ከየት መጣ?

ስለ ካሜራ ሲነሳ ከሙስሊም ሊቃውንት አንዱን ሳያስታውሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በ965 እ.ኤ.አ. አካባቢ በበስራ ተወልደው በ1040 እ.ኤ.አ. አካባቢ በካይሮ የሞቱት ኢብኑ አል-ሀይሠም «ኪታብ አል-መናዚር» በተባለው ሥራቸው፣ እይታ የሚፈጠረው ከዓይን በሚወጣ ጨረር ሳይሆን ከታየው ነገር ወደ ዓይን በሚመጣ ብርሃን መሆኑን አስረድተዋል። በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል የሚገባን ብርሃንም መርምረዋል። ካሜራ የሚለው ስያሜ ራሱ ከላቲን የመጣና «ክፍል» ማለት ነው። የቤት ጠባቂ ካሜራ ደግሞ ብዙ ዕድሜ የለውም። በኒው ዮርክ ትኖር የነበረችው ነርስ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ከባለቤቷ ጋር በመሆን ደጃፏን በቴሌቪዥን የምታይበትን ዘዴ ሠርታ በ1969 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝታለች። ያነሳሳትም ማታ ብቻዋን ስትሆን የሚሰማት ስጋት ነበር። ዛሬ በቦሩ ሜዳ አንዲት እናት ካሜራ የምታስሰቅለው በዚያው ምክንያት ነው።

ሰንሰለቱን እንወቅ

የመብራቱን ቋንቋ ለመረዳት የካሜራውን አሠራር በመጠኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ካሜራው ያየውን ነገር እኛ በስልካችን እስክናይ ድረስ አምስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው፤ ሶኬቱንና አዳፕተሩን ይጨምራል። ሁለተኛው ካሜራው ራሱና በውስጡ ያለው ሚሞሪ ካርድ ነው። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ያለው ራውተርና ዋይፋዩ ነው። አራተኛው ከራውተሩ ወጥቶ ወደ ካሜራው ኩባንያ ሰርቨር የሚሄደው የኢንተርኔት መስመር ነው። አምስተኛው በእጃችን ያለው ስልክና አፕሊኬሽኑ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲቋረጥ ምስሉ ይቀራል። መብራቱ የተሠራው ሰንሰለቱ ከየት ላይ እንደተበጠሰ እንዲጠቁመን ነው። ስለሆነም ምስል በጠፋ ቁጥር ካሜራውን አውርዶ ወደ ጥገና ቤት ከመሮጥ በፊት ወደ መብራቱ ማየት ጊዜንም ገንዘብንም ያድናል።

መብራቶቹ ምን ይላሉ?

የመብራቶቹ ትርጉም ከኩባንያ ኩባንያ፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። በዚህም ምክንያት ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን ወረቀት እንዳትጥሉት አደራ እንላለን። ለአብነት ያህል ግን የሁለት ታዋቂ ኩባንያዎችን የቤት ውስጥ ካሜራዎች እንመልከት።

በኢዝቪዝ ካሜራዎች ላይ፦

— ቀይ ሳያቋርጥ ከበራ፣ ካሜራው እየተነሳ ነው፤ ጥቂት መታገስ ነው።
— ቀይ በዝግታ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ከዋይፋዩ ጋር መገናኘት አልቻለም።
— ቀይ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ፣ መሣሪያው ላይ ችግር አለ፤ ለምሳሌ ሚሞሪ ካርዱ ተበላሽቷል።
— ሰማያዊ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ፣ አዲስ ዋይፋይ ለመቀበል ተዘጋጅቷል።
— ሰማያዊ በዝግታ ብልጭ ድርግም ካለ፣ በደህና እየሠራ ነው።
— ሰማያዊ ሳያቋርጥ ከበራ፣ በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ምስሉን በአፕሊኬሽኑ እያየ ነው።

ታፖ በተባሉት፣ ለምሳሌ ሲ200 በሚለው ሞዴል ላይ ደግሞ፦

— ቀይ ሳያቋርጥ ከበራ፣ እየተነሳ ነው።
— ቀይና አረንጓዴ እየተፈራረቁ ብልጭ ካሉ፣ ለመገጠም ተዘጋጅቷል።
— ቀይ በዝግታ ብልጭ ካለ፣ ከዋይፋይ ጋር ለመገናኘት እየሞከረ ነው።
— ብርቱካናማ ሳያቋርጥ ከበራ፣ ዋይፋዩን አግኝቷል፤ ሰርቨሩን ግን ገና አላገኘም።
— አረንጓዴ ሳያቋርጥ ከበራ፣ ሁሉም ተሟልቷል።

ልብ በሉ፤ ብርቱካናማ ሆኖ የሚቆይ ካሜራ ራሱም ዋይፋዩም ደህና ናቸው። የተቋረጠው ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዳታ ፓኬጅ ማለቅ ነው።

ቀዩ ሲበራ በቅደም ተከተል ምን እናድርግ?

1ኛ. እንጠብቅ። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ካሜራው ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳል። ዋይፋዩን ፈልጎ ሲያጣም ቀይ ያበራል። 5 ደቂቃ ያህል ብንታገሰው ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። በዚህ መሐል ቸኩሎ የሪሴት ቁልፍ መጫን ደህናውን ቅንብር ማጥፋት ነው።

2ኛ. በዚያው ዋይፋይ ስልካችንን እንሞክር። ስልኩም ኢንተርኔት ካላገኘ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ ፓኬጁን ወይም መስመሩን እንይ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እናስላ። ካሜራው በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ቢልክ በ1 ሰዓት 450 ሜጋ ባይት ይሆናል። በውጭ አገር ያለ ልጅ በቀን 2 ሰዓት ቢያይ በወር 27 ጊጋ ባይት ገደማ ከእናቱ ፓኬጅ ላይ ይሄዳል ማለት ነው። ለእናት ታስቦ የተሰቀለ ካሜራ የእናትን ኪስ እንዳያራቁት የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ፣ የፓኬጁንም ወጪ ልጁ እንዲሸፍን መነጋገር ያስፈልጋል።

3ኛ. የራውተሩን ፓስወርድ የቀየረ ሰው እንዳለ እንጠይቅ። ፓስወርድ ሲቀየር ስልካችን አዲሱን ይጠይቀናል፤ ካሜራው ግን አፍ ስለሌለው ቀይ ያበራል። በዚህን ጊዜ ሪሴት ቁልፉን 5 ሰከንድ ያህል ተጭኖ እንደ አዲስ መግጠም ነው። አብዛኞቹ ርካሽ ካሜራዎች የሚቀበሉት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ዋይፋይ ብቻ ነው። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ የሚል ሌላ ስም ካወጣ ካሜራውን ከዚያ ጋር ለማገናኘት መድከም የለብንም።

4ኛ. ርቀቱንና ግርዶሹን እንይ። ቆርቆሮና የብረት በር የዋይፋይ ሞገድን ይመልሳሉ። ራውተሩ ከሳሎን ወለል ላይ ከቁም ሣጥን ጀርባ ተቀምጦ ካሜራው ከግቢው በር ላይ ከሆነ መቆራረጡ አይቀርም። ራውተሩን ከፍ አድርጎ ወደ መስኮት ማስጠጋት ብቻ ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

5ኛ. ሚሞሪ ካርዱን እንይ። ካሜራውን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ካርዱን አውጥቶ መመለስ ይቻላል። ካልተስተካከለ በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ገልብጦ በአፕሊኬሽኑ ፎርማት ማድረግ፣ ያም ካልሆነ መለወጥ ነው። 32 ጊጋ ባይት ካርድ ቅድም ባሰላነው መጠን ያለማቋረጥ ቢቀዳበት 3 ቀን ያህል ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ስርቆት ከደረሰ በሳምንቱ ሳይሆን በዕለቱ ካርዱን ማውጣት ይገባል።

6ኛ. ከናካቴው ምንም መብራት ከሌለ ከሶኬቱ እንጀምር። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር እንሞክር፤ ቀጥሎም በካሜራው ላይ ተመሳሳይ ቮልትና አምፔር ያለው ሌላ አዳፕተር እንሞክር። ካሜራና ሌላ ብዙ ዕቃ በአንድ ዲቫይደር ላይ መደራረብ ለእሳት ያጋልጣል። አዳፕተሩ ከመጠን በላይ ከጋለ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው ወዲያው ነቅሎ ባለሙያ መጥራት እንጂ መነካካት አያስፈልግም። ልጆችም እንዲህ ያለውን እንዳይነኩ እንንገራቸው።

ኤሌክትሪክ ብዙ ጊዜ በሚቋረጥበት ሰፈር 10,000 ሚሊ አምፔር የሚል ፓወር ባንክ በ5 ቮልት የሚሠራን ካሜራ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሊያቆየው ይችላል። ራውተሩም አነስተኛ ዩፒኤስ ካላገኘ ግን ካሜራው በካርዱ ላይ ይቀዳል እንጂ ወደ ስልክ አይልክም።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር እንጨምር። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው። ምስሉ ላይ 02:14 የሚል ከተጻፈ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። 21:30 ካለም ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ለፖሊስ ቃል ሲሰጥ ይህ ሳይስተካከል ቢቀር ንጹሕ ሰው ሊጠረጠር ይችላል። በሰው ላይ መመስከር ደግሞ በአላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ ከባድ ነገር ነው።

የቦሩ ሜዳ ጉምና ውርጭ

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። በቦሩ ሜዳና በደሴ ክረምት ጉም ይወርዳል። ካሜራው በሌሊት የሚያየው ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን እየረጨ ስለሆነ ብርሃኑ ከጉሙ ላይ ተንጸባርቆ ይመለስና ምስሉ ነጭ ይሆናል። በመስታወቱ ላይ ያደራ የሸረሪት ድርም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግና ካሜራውን ከግድግዳና ከጣሪያ ክዳን ትንሽ ማራቅ ነው። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ሲወርድ ደግሞ በባትሪና በሶላር የሚሠሩት ይቸገራሉ፤ ምክንያቱም የሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎችም ብርዱ እስኪለቅ ቻርጅ አይቀበሉም። በኮምቦልቻ በኩል ስጋቱ ብርዱ ሳይሆን ሙቀቱና አቧራው ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲያይል ደግሞ በሁሉም ቦታ ራውተሩንና ካሜራውን መንቀል ይመከራል።

ሰማያዊው መብራት

ውድ አንባብያን፤ እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ መሣሪያው ጤና ነበር። አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ።

ለምሳሌ አንድ የቦሩ ሜዳ ቤት እንውሰድ። እናት፣ ሁለት ልጃገረዶችና አንድ ታዳጊ ወንድ ልጅ ይኖሩበታል። ታላቅ ወንድማቸው ሪያድ ነው ያለው። ካሜራውን የገዛው እሱ ነው፤ ፓስወርዱን ደግሞ የገጠመው የሰፈር ልጅ፣ አጎትየውና ታዳጊው ወንድም ያውቁታል። ካሜራው ለግቢው በር ተብሎ ቢመጣም ሽቦው ስላልደረሰ ሳሎን ውስጥ ተሰቀለ። አንድ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ልጃገረዶቹ ሒጃባቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን እየተሠሩ ሳለ ሰማያዊው መብራት ብልጭታውን ትቶ ሳያቋርጥ ይበራል። ማን ነው የሚያየው? ወንድማቸው ነው? አጎታቸው ነው? ወይስ ካሜራውን የገጠመው ልጅ?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኑር 58ኛ አንቀጽ ላይ፣ በአንድ ቤት የሚኖሩ ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች እንኳ በሦስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ አዟል። እነሱም ከፈጅር በፊት፣ ቀትር ላይ ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ ናቸው። የገዛ ልጅ እንኳ ማስፈቀድ ካለበት በእነዚህ ሦስት ጊዜያት ሁሉ ሳያስፈቅድ የሚገባ ዓይን በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ስንሰቅል ምን ማለታችን ነው? ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፍል ባጮለቀ ጊዜ በብርቱ ገሥጸውታል፤ ማስፈቀድ የተደነገገውም ለዓይን ሲባል መሆኑን አስረድተዋል። ዛሬ ቀዳዳው የካሜራ መስታወት ሆኗል፤ ድንጋጌው ግን አልተለወጠም።

ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበትን ፓስወርድ ያልቀየሩ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በመላው ዓለም ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ተቆጣጥሮ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የቤት ካሜራ ኩባንያ ከሰሰ። ክሱም ሠራተኞቹ የደንበኞችን ምስል ያለ ገደብ እንዲያዩ ፈቅዷል፤ አንድ ሠራተኛ በሴቶች መኝታና መታጠቢያ ቤት የተቀዱ ምስሎችን ጭምር ተመልክቷል የሚል ነበር። ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በሠለጠነው አገር ይህ ከሆነ ፓስወርዱን ለአራት ሰው ባደለ ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ሰማያዊው ያለማቋረጥ በርቶ ከቤተሰቡ ማንም «እኔ ነኝ» ካላለ እንዲህ እናድርግ። በመጀመሪያ ካሜራውን ከሶኬቱ እንንቀል። ቀጥሎ የአፕሊኬሽኑን ፓስወርድ በረጅምና በአዲስ ፓስወርድ እንቀይር። ከዚያም አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮች የሚዘረዝረውን ገጽ ከፍተን የማናውቀውን እናስወጣ፤ ምስሉን ለማን ለማን እንዳጋራንም እንመርምር። የራውተሩንም ፓስወርድ እንቀይር። በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ይህን እናስጀምር። ካሜራውን የገጠመልን ባለሙያ በራሱ ስልክ አካውንት ከፍቶ ከሆነ ሪሴት አድርጎ በእኛ ስም እንደ አዲስ መክፈት ያስፈልጋል።

ይህን ስንል መብራቱ ብቻውን ማስረጃ ነው ማለታችን አይደለም። በብዙ ካሜራዎች ላይ መብራቱን በአፕሊኬሽኑ ማጥፋት ይቻላል። እንደ ታፖ ባሉት ላይም አረንጓዴው ሰው አየ አላየ ያው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ቦታውን ማስተካከል ነው። ካሜራ ለደጅ፣ ለግቢ በርና ለሱቅ ነው እንጂ ለሳሎን፣ ለጓዳና ለመኝታ ቤት አይደለም። ለታመመ ወይም ለሕፃን ሲባል የግድ ቤት ውስጥ ቢደረግ እንኳ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ይወቁት፤ በማያስፈልግበት ሰዓትም ይነቀል።

በውጭ አገር ላላችሁ ወንድሞችም አንድ ቃል አለን። እናታችሁን ለመጠበቅ ያላችሁን ጉጉት አላህ ይቀበላችሁ። ነገር ግን ከማየታችሁ በፊት ደውሉ። «አሰላሙ ዐለይኩም፤ ልከፍተው ነው» ማለት አያስቸግርም፤ በር አንኳኩቶ እንደ መግባት ነው። እናትም የልጇን ድምፅ ስትሰማ ደስታዋ ካሜራው ከሚሰጣት መረጋጋት ይበልጣል።

የጎረቤት ሐቅ

ካሜራችን ደጅ ላይ ቢሰቀልም ወዴት እንደሚያይ ማስተዋል ይገባል። ግቢዎቻችን ተጠጋግተዋል፤ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ማድቤትና የልብስ ማስጫ አለ። ጎረቤቱ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ሐቁ አንድ ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ደጋግመው ከማሳሰባቸው የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤትን ወራሽ ያደርጉታል ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሱረቱ አል-ሑጁራት 12ኛ አንቀጽም አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ነውር ተከታትሎ መሰለልን ከልክሏል።

በአንዳንድ ኪታቦች እንደሚተረከው ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በሌሊት ከተማ ሲጠብቁ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በአጥር ዘለው ገቡና ባለቤቱን በወንጀል ላይ አገኙት። ሰውየውም እኔ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ እርስዎ ግን ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ አላስፈቀዱም ሲል ሞገታቸው። ዑመርም (ረ.ዐ.) ትተውት ወጡ። ኸሊፋው ጥበቃ ላይ ሳሉ ይህ ካልተፈቀደላቸው «ለጥበቃ ነው» ብለን የሰው ጓዳ የምናይ እኛ ማን ነን?

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመኖሪያ ቤትን ክብር ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል።

በተለይ ለቦሩ ሜዳ ሰው የቤት ገመና ዋጋ በመጽሐፍ የሚነገረው ነገር አይደለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚችው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ የተዋጉም ነበሩ። የቀሩት ብዙዎች ግን ቀን በአደባባይ የታዘዙትን መስለው፣ ሌሊት በራቸውን ዘግተው ሶላታቸውን ሰገዱ። ዲናቸው የተረፈው ግድግዳው ስለሸፈናቸው፣ ጎረቤትም ስላላጋለጣቸው ነው። የዚያ ትውልድ የልጅ ልጆች የሆንን እኛ የቤትን ግድግዳ በገዛ እጃችን ልንቀደው አይገባም።

በመሆኑም ካሜራውን ከሰቀልን በኋላ ጎረቤታችንን ጠርተን ምስሉን በስልካችን እናሳየው። «ያንተ ግቢ ይታያል ወይ?» ብለን እንጠይቀው። ከታየ ወደ ታች እናዘንብለው፤ ወይም አፕሊኬሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ በዚያ በኩል ያለውን ክፍል እንሸፍነው። ይህን ያደረገ ሰው ሁለት ጠባቂ ያገኛል፤ አንዱ ካሜራው፣ ሌላው ጎረቤቱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ፣ ጉም ሲወርድና ፓኬጅ ሲያልቅ የማይጠፋው ጠባቂ ጎረቤት ነው።

በመጨረሻም

በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ ባለ ካሜራ ቤት ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። መብራቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ቀና ብሎ ይመልከት። ፓስወርዱን የሚያውቁትን ሰዎች በወረቀት ጽፎ ይቁጠር። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ከቤቱ ሴቶችና ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ይመልከት። ቀይ ካለ ይጠገናል፤ ካርድም ፓኬጅም በገንዘብ ይተካል። የተገለጠ ገመና ግን በገንዘብ አይተካም።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን ከሌባም ከሰላይም ይጠብቅልን፤ ዓይኖቻችንንም ከሰው ገመና ያሳርፍልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።